ፀሐይ የተነጠቀ ዳርቻ

ስለ እምቦጭ ሲነሳ የሁሉም ዓይን ወደ ጣና ይዞራል። ዘመቻው፣ መዋጮው፣ የማጨጃ ማሽኑ፣ የዜናው ርእስ ሁሉ የጣና ነው። አይፈረድም፤ ጣና ጣና ነው። ይሁንና አረሙ በኢትዮጵያ መኖሩ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነበር። የቆቃ ግድብ ሥራ ከጀመረ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ጣና ላይ መታየቱ ይፋ የሆነው በ2011 ሲሆን፣ በመካከሉ ያሉትን አርባ ስድስት ዓመታት ከአረሙ ጋር የታገሉት የወንጂ፣ የቆቃ፣ የዓለም ጤናና የአዋሽ ዳር ሰዎች ናቸው።

ስለ ሰዎቹ ቢያንስ አልፎ አልፎ ይወራል። የዓሣ አስጋሪው ገቢ ይጠናል፣ የወንጂ ስኳር ቦዮች መደፈናቸው ሪፖርት ይደረጋል። ከሰዎቹ ጋር አንድ ዳርቻ የሚጋሩ፣ ጠበቃ የሌላቸው ሌሎች ነዋሪዎች ግን አሉ፦ አዞ፣ አርጃኖ፣ የውኃ ኤሊ፣ ዘንዶ፣ እፉኝት፣ ገበሎ። የትምህርት ቤት መጽሐፍ በአንድ ላይ «ገበሎ አስተኔ» ይላቸዋል፤ ሰፈር ውስጥ ግን የሚጠብቃቸው ድንጋይና ዱላ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ተክል ወይም እንስሳ አንድን ስፍራ ሲወር መጀመሪያ የሚቆጠረው የላምና የመረብ ጉዳት ነው። በሆዳቸው የሚሳቡት ሂሳብ የሚደርሰው ከሁሉ በኋላ ነው፣ እሱም ከደረሰ።

ከሞጆ ወደ መቂ ሲወርዱ በስተግራ የሚታየው ሰፊ ውኃ ቆቃ ነው። ከዓለም ጤና ወደ ዳርቻው የሚወስደው መንገድ በሽንኩርትና በቲማቲም ማሳ መካከል ያልፋል፤ የውኃ ፓምፖቹ ድምፅ ከሐይቁ ቀድሞ ይሰማል። ዳርቻው ላይ ሲደርሱ መሬቱ የት አልቆ ውኃው የት እንደሚጀምር ለመለየት ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የግጦሽ ሜዳ የሚመስለው አረንጓዴ ነገር ነፋስ ሲመጣ አብሮ ይወዛወዛል፣ ከፍ ዝቅም ይላል።

አንዱን እምቦጭ ጎትቶ ማውጣት ከባድ አይደለም። ቅጠሉ ወፍራምና አንጸባራቂ ነው። የቅጠሉ አገዳ ከግርጌው አብጦ እንደ ትንሽ ሽንኩርት ተድቦልቡሏል፤ በጣት ሲጨፈልቁት እስስ ብሎ አየር ይለቃል፣ ውስጡም ውኃ ሳይሆን ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ስፖንጅ ነው። የሚንሳፈፈው በዚህ ነው። ከሥር የተንጠለጠለው ሥር ጠቆር ያለ፣ ላባ መሰል፣ ደለል ያዘለ ነው። ሲያራግፉት ትናንሽ ቀንድ አውጣዎችና የውኃ ነፍሳት እጅ ላይ ይቀራሉ። አበባው ሐምራዊ ሆኖ መሐሉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለበት፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ያምራል። ከአማዞን ተነስቶ አፍሪካንና እስያን ያዳረሰውም በዚህ ውበቱ ነው፤ ሰዎች ለኩሬ ጌጥ ብለው ይዘውት ዞሩ። በሞቃት ውኃ ላይ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ተኝቶ ይቆያል።

ቆቃ ላይ ምግብ አይቸገርም። አዋሽ ወደ ሐይቁ የሚገባው አቃቂን ይዞ ነው፤ አቃቂ ደግሞ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ተሸክሞ ይወርዳል። የሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካዎቹን ዝቃጭ ያመጣል። ከየማሳው በዝናብ የሚታጠበው ዩሪያ ይጨመርበታል። ላይኛው ተፋሰስ እየቀለበው ታችኛው ተፋሰስ በማጭድ ይታገለዋል ማለት ነው። ዳርቻው ላይ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ጀልበኛ ከአረሙ ጋር ያላቸውን ኑሮ ሲገልጹ በቁጣ አይደለም፤ ስለ ጎረቤት እንደሚያወሩ ነው። ማታ የጣሉትን መረብ ጠዋት ሲመጡ አያገኙትም፤ ነፋሱ ሌሊት አረሙን ከወዲያ ማዶ ነድቶ መረቡን ጠቅልሎ ይወስደዋል። ስለ አዞ ስጠይቃቸው ግን ድምፃቸው ተለወጠ። ድሮ አዞ ሲታይ ይታያል፣ አሁን አይታይም፤ የሚያስፈራውም ያ ነው አሉኝ።

ይህን አባባላቸውን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከአረሙ ሥር

አዞ ሳንባ ያለው እንስሳ ነው። እምቦጭ ውኃውን ሸፍኖ ኦክስጅን ሲያሳጣው ቆሮሶውም ሌላው ዓሣም ይታፈናል ወይም ቦታ ለቅቆ ይሄዳል። አዞው ግን አፍንጫውን ከአረሙ በላይ ብቅ አድርጎ ይተነፍሳል። ስለዚህ ላይ ላዩን ሲታይ አረሙ አዞን የሚጎዳ አይመስልም፤ እንዲያውም መደበቂያ ሰጠው የሚል ሰው አይጠፋም። ጉዳቱ ዞሮ የሚመጣ ነው። በመጀመሪያ የሚበላው ይሸሻል። ቀጥሎ ልብስ ለማጠብ ወይም በጀሪካን ውኃ ለመቅዳት የመጣች ሴት ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያለውን አዞ ማየት አትችልም። ቀድሞ አሸዋው ላይ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ሲሞቅ ያየችውን አዞ መሸሽ ትችል ነበር። አሁን መገናኘታቸው ድንገት ይሆናል። አንድ ሰው ወይም አንድ ጥጃ በተነከሰ ቁጥር ደግሞ ቂሙ ለአዞ ዘር ሁሉ ይደርሳል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ከውኃ ውጭ፣ አሸዋው ላይ የሚሆነው ነው።

የአዞ ጾታ እንደ ሰው ከፅንሱ መጀመሪያ በዘር አይወሰንም። የሚወስነው የጎጆው ሙቀት ነው። እናቲቱ በበጋ ከውኃው ራቅ ብላ ደረቅ አሸዋ ትመርጣለች፣ በኋላ እግሮቿ ከሠላሳ እስከ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ትቆፍራለች፣ ከዚያ ሃምሳ ገደማ እንቁላል ጥላ ትቀብረዋለች። ሦስት ወር ያህል አጠገቡ ትጠብቃለች፤ በነዚህ ወራት ምግብ የምትቀምሰው ለስሙ ያህል ነው። በመካከለኛው የእድገት ወቅት ጎጆው ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከሆነ ጫጩቶቹ በብዛት ወንድ ይሆናሉ። ከዚያ ሲቀዘቅዝ ሴት ይበዛል፤ በጣም ሲሞቅም እንደገና ሴት ይበዛል። ሁለትና ሦስት ዲግሪ የአንድን ትውልድ ሚዛን ያጋድላል።

አሁን እዚያ አሸዋ ላይ ጥላ ጣሉበት።

በደቡብ አፍሪካ የቅድስት ሉሲያ ሐይቅ ላይ የሆነው ይህ ነው። አሊሰን ሌስሊና ጄምስ ስፖቲላ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት፣ ከአሜሪካ የመጣ አንድ ወራሪ ቁጥቋጦ የናይል አዞን ጎጆ ስፍራዎች እንዴት እንደወረሰ ያሳያል። በተክሉ ጥላ ሥር ያለው አፈር በ25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ሲለካ ፀሐይ ከሚያገኘው አፈር ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ይቀዘቅዝ ነበር። ያ ለእንቁላሉ ሴቶች ብቻ የሚፈለፈሉበት፣ ሲብስም ጨርሶ የማይፈለፈልበት ቅዝቃዜ ነው። በዚያ ላይ የቁጥቋጦው ጥቃቅን ሥሮች አፈሩን ስለሸመኑት እናቲቱ መቆፈር ያቅታታል። ቆፍራ ቆፍራ ትታው የሄደችባቸው ጉድጓዶች ተገኝተዋል። ተክሉ አንድም አዞ አልገደለም። ፀሐይዋን ብቻ ወሰደባት።

ናይል አዞ የሚባለው ያው የአዋሹ፣ የቆቃው፣ የጫሞው አዞ ነው። አርባ ምንጭ ላይ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የአዞ እርባታ ጣቢያ አለ፤ እዚያ የሙቀት ጉዳይ የዕለት ተዕለት ሥራ ስለሆነ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ቆቃና አዋሽ ዳር ግን አረም የሚነቅለውም፣ የሚያስነቅለውም፣ ለዚህ በጀት የሚይዘውም ስለ አዞ ጎጆ አስቦ አይደለም። የተነቀለው እምቦጭ የሚከመረው የት ነው? ለሸክም የሚቀርበው ደረቅ ዳርቻ ላይ። በበጋ ሐይቁ ሲሸሽም አረሙ ራሱ አሸዋው ላይ ተነጥፎ ይቀራል። አዞዋ ፀሐይ የምትፈልግበትን ቦታና ወር ቆጥረን የሸፈንነው ይመስላል።

ቅርንጫፉና ጉቶው

ከአዳማ በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሃራ ሲኬድ መልክዓ ምድሩ የግራር ነው። ግራር ለጋስ ዛፍ ነው፤ ጥላው የተበጣጠሰ ስለሆነ ከሥሩ ሣር ይበቅላል፣ ፀሐይም ጥላም በአንድ ስፍራ ይገኛል። ይህ ለገበሎ ትልቅ ነገር ነው። ገበሎ፣ አርጃኖ፣ እባብ ሁሉ የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያገኙት ከውጭ ነው። ጠዋት ድንጋይ ላይ ተዘርግተው ይሞቃሉ፣ ቀትር ሲሆን ጥላ ይገባሉ፣ ማታ ትኩስ አፈር ላይ ይወጣሉ። ቀናቸው ሁሉ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ መመላለስ ነው። ፀሐይ ብቻ ወይም ጥላ ብቻ የሆነ መሬት ለነሱ አይኖርበትም።

ወደ አዋሽ ፓርክና ወደ አፋር በተጠጉ ቁጥር ሌላ ዛፍ እየበዛ ይሄዳል፤ ፕሮሶፒስ። ከማዕከላዊና ደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ አካባቢ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ነው፤ በረሃን ለመግታት፣ ነፋስ ለመከላከል፣ ማገዶ ለማግኘት ታስቦ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ከብቶችና ፍየሎች ጣፋጭ ፍሬውን ይበላሉ፣ ዘሩ በበጠጣቸው ሳይፈጭ ይወጣል፣ ያውም ፍግ ተደርጎለት። የአዋሽ ጎርፍ ደግሞ የቀረውን ያዳርሳል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት መሠረት በ35 ዓመት ጊዜ ውስጥ በአፋር ክልል ብቻ 1.17 ሚሊዮን ሄክታር ወርሯል፤ ከክልሉ ስፋት ከአሥር እጅ አንዱን ያልፋል። ባለ እሾህ ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው የሚሠሩት ጫካ ፍየል እንኳ የማትገባበት ነው።

የፕሮሶፒስን ጉዳት ሲያወሩ ሰዎች በመጀመሪያ የሚያነሱት ግጦሽን ነው፤ ትክክል ናቸው። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ ደግሞ ሳላን፣ በሃላይደጌ ሜዳ ያለውን የግሬቪ የሜዳ አህያ ያነሳል። ሁለቱም ትልልቅ፣ ከመኪና መስኮት የሚታዩ ናቸው። ከሣሩ ጋር አብረው የሚጠፉትን ማየት ግን ጎንበስ ማለትን ይጠይቃል። ሣር ሲጠፋ ፌንጣ ይጠፋል፤ ፌንጣ ሲጠፋ ገበሎ ይራባል። ሣር የሚግጠው ኤሊ፣ ያ ጀርባው ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር የሆነው ትልቁ የስምጥ ሸለቆ ኤሊ፣ እሾህ ውስጥ ገብቶ የሚቀምሰው አረንጓዴ ነገር አያገኝም። መሬቱ አንድ ወጥ ጥላ ሲሆንበት ጠዋት የሚሞቅበት ስፍራ ያጣል፤ ያልሞቀ ኤሊ ቢበላም በደንብ አይፈጭለትም።

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲቋቋም የፕሮሶፒስ ስጋት አልነበረም። ዛሬ ፏፏቴው ሥር አዞ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ከላይ ቆሞ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። የሚያየው አዞ ለጎጆ የሚሆን አሸዋ ያገኛል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም ነው።

በመንገዱ መሐል ያለችው ወለንጪቲ ሌላ ነገር አላት። ቅንጨ አረም፣ በምሥራቁ ሰዎች አፍ ፋራምሲሳ፣ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በድሬዳዋና በሐረርጌ በኩል ነው፤ ከእርዳታ እህል ጋር ሳይመጣ እንዳልቀረ ይታመናል። ነጭ አበባ ያለው፣ ሲነኩት እጅ የሚያሳክክ፣ ሲበላ ወተት የሚያመር ይህ አረም ዛሬ ያልደረሰበት መንገድ ዳር የለም። አዲስ መንገድ በተቆፈረ ቁጥር ቀድሞ የሚቀመጥበት እሱ ነው፤ በአስፋልቱና በፈጣን መንገዱ ትከሻ ላይ ተሰልፎ ይታያል። በመንገድ ትከሻ ላይ ሣር ፍለጋ የሚወጣ ኤሊ ደግሞ የሚያገኘው ሣር ሳይሆን ጎማ ነው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚወጣ ከባድ መኪና ስለ ኤሊ ብሎ ፍሬን አይዝም።

ወለንጪቲ ላይ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት አንዲት ጥንዚዛ ተለቃለች። በሜክሲኮ ቅንጨ አረምን እየበላች የምትኖር ናት፤ እዚህ ሌላ ሰብል እንደማትነካ አምቦ ባለው የእፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል በዝግ ቤት ውስጥ ለዓመታት ከተፈተነች በኋላ ነው መስክ የወጣችው። አንድን ወራሪ ለመግታት ሌላ የውጭ ፍጥረት ማምጣት ሰው ሲሰማው ያስደነግጣል፤ መደንገጡም ጥሩ ነው፤ ያልተደነገጡበት ጊዜ ምን እንደሚሆን አውስትራሊያ ታሳያለች።

የሸንኮራ አገር እንቁራሪት

አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ1935 በኩዊንስላንድ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ጥንዚዛ ይበላልናል ብለው ከሃዋይ አንድ ትልቅ መርዛማ እንቁራሪት አስመጡ። ጥንዚዛውን አልበላም ማለት ይቻላል። ይልቁንስ ራሱ ምግብ ሆነ። እዚያ አገር ያሉት ትልልቅ አርጃኖዎችና የወንዝ አዞዎች እንዲህ ያለ መርዝ ዘር ማንዘራቸው አያውቀውም። እንቁራሪት እንቁራሪት ነው ብለው ይውጡታል፣ እዚያው ይሞታሉ። እንቁራሪቱ በደረሰባቸው አንዳንድ ቦታዎች የአርጃኖው ቁጥር ከዘጠና በመቶ በላይ ወርዷል። እንደ ወንጂና እንደ መተሃራ ያለ የሸንኮራ አገር ለሚኖር ሰው ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም፤ የኛም ስኳር ፋብሪካዎች የመጡት ዘርና ማሽን ከውጭ እያስመጡ ነው፤ ወንጂ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ።

ተመራማሪዎቹ ያገኙት መፍትሔ ግን ያስቃልም ያስደንቃልም። እንቁራሪቶቹን ማጥፋት ስላልተቻለ አዞዎቹን ማስተማር ያዙ። ከሞቱ እንቁራሪቶች ላይ መርዙ ያለበትን ክፍል ቆርጠው ያወጣሉ፣ በቀረው ሥጋ ላይ የሚያስታውክ ጨው መሳይ ኬሚካል ይወጋሉ፣ በወንዙ ዳር ያንጠለጥሉታል። አዞው ይበላል፣ ሆዱ ይገለበጣል፣ አይሞትም። ከዚያ በኋላ እንቁራሪት ሲያይ ፊቱን ያዞራል። በኪምበርሊ አካባቢ ከቡኑባ ነባር ሕዝብ የዱር ጠባቂዎች ጋር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት፣ ይህ በተደረገባቸው ወንዞች የአዞ ሞት እጅግ መቀነሱን አሳይቷል። ሥራውን የሠሩት ወንዙን በስም በስሙ የሚያውቁ የአካባቢው ሰዎች መሆናቸው ለኔ ከኬሚካሉ ይበልጣል።

ተሳቢዎች ሁልጊዜ ተጠቂ ብቻ ናቸው ማለት ግን አይደለም። በፓሲፊክ ባለችው የጉዋም ደሴት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመርከብ ጭነት ሳይታሰብ የገባ ቡናማ እባብ የደሴቲቱን የጫካ ወፎች ከሞላ ጎደል ጨርሶባታል። በፍሎሪዳ ከቤት የተለቀቀው የእስያ ዘንዶ ረግረጉን ወርሶታል። እባብ ማርባትና መሸጥ በኛ አገር ገና ሞድ ባይሆንም የሚያምር እንስሳ በካርቶን አስመጥቶ ሲሰለቹት መልቀቅ ምን እንደሚያመጣ ከወዲሁ ማወቅ አይከፋም። ተክሎቹንስ በዚያው መንገድ አይደል ያስገባናቸው?

እ.ኤ.አ. በ2022 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣው የዓለም ተሳቢ እንስሳት ግምገማ ከ10,196 ዝርያዎች ውስጥ ቢያንስ 1,829ኙ ለመጥፋት የተጋለጡ ናቸው ይላል። ከአዞዎችና ከኤሊዎች ግማሽ ያህሉ እዚያ ውስጥ አሉ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የመንግሥታት የብዝኃ ሕይወት መድረክ ሪፖርት ደግሞ በዓለም ላይ ከታወቁት የእፅዋትና የእንስሳት መጥፋቶች በ60 በመቶው ውስጥ የወራሪ ዝርያዎች እጅ እንዳለበት አስልቷል። ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተሳቢዎችና እንቁራሪቶች በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው የታተሙት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ማልኮም ላርገንና ስቲቨን ስፖልስ በጻፉት መጽሐፍ።

እባብ ያየ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገሬ ሰው። ለዚህ ፍርሃት ምክንያት አለው። በስምጥ ሸለቆው ቆላ እፉኝት በማታ መንገድ ላይ ተጋድማ ትጠብቃለች፤ የረገጣት ሰው ጤና ጣቢያ እስኪደርስ መድኃኒቱ አለ የለም የሚለው ሌላ ጭንቀት ነው። ስለዚህ ገበሬው እባብ ሲያይ ዱላ ቢያነሳ አልፈርድበትም። የማዝነው በዘንዶው ላይ ነው። ዘንዶ መርዝ የለውም። የቦሎቄና የበቆሎ ማሳ ዳር የሚገኘው ዘንዶ የሚያድረው አይጥና ጥንቸል ሲያሳድድ ነው። አይጥ ደግሞ የዓለም ጤናና የመቂ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ማን እንደሆነች መናገር አያሻም። ዘንዶው ሲገደል ከበው ፎቶ ይነሱበታል፤ ርዝመቱም ፎቶው በስልክ በተላለፈ ቁጥር አንድ ሜትር ይጨምራል።

አርጃኖም እንዲሁ ነው። ከሩቅ ሲታይ ትንሽ አዞ ይመስላል፤ ልጆች ድንጋይ የሚወረውሩበትም በዚህ ነው። እሱ ግን ለአዞው እንኳ ወዳጅ አይደለም፤ የጎጆውን ሽታ ተከትሎ ቆፍሮ እንቁላሉን ይበላል። አዞዋ ሦስት ወር ሙሉ ከጎጆዋ የማትርቀው አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ሺህ ዓመታት ሲካሄድ የኖረው የሁለቱ ጠብ የአካባቢው የራሱ ሥርዓት ነው፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋም። ችግሩ የሚመጣው ጥላ የሚጥልባቸው ሦስተኛ ወገን ሲገባ ነው። ጥላው ጎጆ የሚሠራበትን ገላጣ ቦታ ሲያጠበው አዞዎቹ በቀረው ትንሽ አሸዋ ላይ ተጠጋግተው ይጥላሉ፤ አርጃኖም ብዙ ሳይደክም ሁሉንም በአንድ ስፍራ ያገኘዋል።

በሕግ በኩል ነገሩ ባዶ አይደለም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል፤ በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቁሟል። አገሪቱ አደጋ ላይ ያሉ እንስሳትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ተቀላቅላለች፤ አዞም ያ ዝንጉርጉር ኤሊም በዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። ነገር ግን ሕጉ የሚያውቀው አዳኝንና ነጋዴን ነው። እምቦጭን ማን ይከስሰዋል? አረሙ በግብርና በኩል ይታያል፣ ሐይቁ በውኃ በኩል፣ አዞው በዱር እንስሳት በኩል፣ ዓሣው በሌላ በኩል። ዳርቻው ላይ አራቱም ይገናኛሉ፤ ቢሮ ውስጥ ግን አይገናኙም።

እንግዲህ አረሙ ይነቀል አይነቀል የሚለው አያከራክርም፤ ይነቀል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ እምቦጭን ካዳከሙት ነገሮች አንዱ ከአገሩ ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ሁለት ጥቃቅን ነቀዝ መሰል ጥንዚዛዎች ናቸው፤ እነዚሁ ጥንዚዛዎች ለስምጥ ሸለቆ ውኃዎቻችንም በምርምር ደረጃ ታይተዋል። ጥንዚዛ ጥላ አይከምርም፣ ጎጆ አይረግጥም። የሰው እጅ ሥራ ሲሆን ግን ጊዜውና ቦታው ዋጋ አለው። የተነቀለው እምቦጭ ከአሸዋው ወጥቶ ከፍ ወዳለ ስፍራ ቢወሰድና እዚያ ቢደርቅ፣ ለኮምፖስትም ለማገዶም ይሆናል፤ ዘሩም ተመልሶ ውኃ ውስጥ አይወድቅም። ይህን ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። በቆቃ ዳርቻ አዞ የት እንደምትወጣ፣ በየትኛው ወር አሸዋ ላይ እንደምትውል የሚነግሩ ጀልበኞች ሞልተዋል። ዘመቻ የሚመራው ሰው ካሜራውን ይዞ ከመምጣቱ በፊት እነሱን ቢጠይቅ ግማሹ ሥራ ያልቃል።

ፕሮሶፒስ ላይ ጉዳዩ ገንዘብ ነው። ከሰሉ ጥሩ ነው፣ ገበያ አለው፣ ብዙ ወጣት ያድርበታል። ዛፉ ግን ከመሬት በላይ ሲቆረጥ አይሞትም፤ ከጉቶው አሥር ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ጫካውም ከበፊቱ ይጠቀጥቃል። እንዲሞት ጉቶው ከመሬት በታች ተቆፍሮ መቆረጥ አለበት። ከሰል አክሳዩ የሚከፈለው ግን በጆንያ ነው። ጉቶ መቆፈር ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ በዚያ ላይ እጅ የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ማን እንደተኛ አይታወቅም፤ ጓንትና ቦት ጫማ የሌለው ልጅ እፉኝት ያለበትን ሥር ቆፍር ቢሉት አይቆፍርም፤ ደግሞም እውነቱን ነው። ከጆንያው ዋጋ ላይ ለጉቶው የሚሆን ጥቂት ብርና አንድ ጥንድ ቦት ቢጨመርለት ግን ይቆፍራል።